የዓሣ ትላትል፤ አመጣጣቸው፣ መከላከያቸውና ሕክምናቸው

በአገራችን ኮሶንና ወስፋትን የማያውቅ ሰው የለም። ከብት የሚያረባ ገበሬም የጉበት ትል በሬውን እንዴት እንደሚያከሳው ያውቃል። ዓሣም እንደ ሰውና እንደ ከብት በትል የምትጠቃ መሆኗን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እኛም ካላስተዋሉት ወገን ነበርን። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በሳይንስ ክበባችን የደረሰው ነገር ስለ ሆነ፣ በቅድሚያ እርሱን ተናግሬ ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ እገባለሁ።

፩. እርጉዝ የመሰለችን ዓሣ

አምና ለትምህርት ጉብኝት ወደ ባሕር ዳር በሄድን ጊዜ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጣና ዳር በመረብ ከያዛቸው ውስጥ አሥራ ሁለት ትናንሽ ዓሣዎች ሰጠን። በጀሪካን ውኃ አድርገን፣ በየመንገዱ ክዳኑን እየከፈትን አየር እያስገባን፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ በሕይወት አደረስናቸው። በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አኖርናቸው። በዕረፍት ሰዓት ትንሹም ትልቁም ተማሪ እየመጣ ያያቸው ነበር።

አንድ ወር ከመንፈቅ ያህል እንደ ቆዩ የአንዲቱ ሆድ ይነፋ ጀመር። ሁላችንም ደስ አለን። «እንቁላል ልትጥል ነው፤ ማንም እንዳይነካት» ተባባልን። የክበቡ ጸሐፊም በመዝገቡ ላይ «እርጉዝ» ብሎ ጻፈ። ምግቧን አበዛንላት። እርሷ ግን ከጓደኞቿ ተለይታ ከውኃው ፊት አጠገብ ትንሳፈፍ ጀመር፤ ጣት ቢቀርባትም ፈጥና አትሸሽም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ሞታ አገኘናት።

መምህራችን «እስቲ ምክንያቱን ራሳችን እንየው» ብለው ሆዷን በምላጭ ከፈቱት። እንቁላል የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው እንደ ነጭ ጥብጣብ ያለ፣ ታጥፎ ታጥፎ ሆዷን የሞላ አንድ ጠፍጣፋ ትል ነው። ዘርግተን በማስመሪያ ስንለካው ከዓሣዋ ርዝመት በለጠ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ጸሐፊያችን መዝገቡን አውጥቶ «እርጉዝ» የሚለውን ቃል ሰረዘው።

፪. የጥብጣቡ ትል ታሪክ

ይህ ትል ሊጉላ ይባላል፤ ወገኑም ከኮሶ ትል ጋር ነው። በጣና ሐይቅ መኖሩ በምርምር የታወቀ ነው። እሸቴ ደጀን የተባሉ ኢትዮጵያዊ የዓሣ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ትሉ በሐይቁ ትናንሽ የባርበስ ዓሣዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል።

የሊጉላ ኑሮ በሦስት ቤት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ቤት ዓሣ በል ወፍ ናት። ትሉ በወፏ አንጀት ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ እንቁላሉም ከኩሷ ጋር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በውኃው ውስጥ ተፈልፍሎ የሚወጣውን እጭ ኮፔፖድ የምትባል፣ በዓይን በጭንቅ የምትታይ የውኃ ነፍሳት ትውጠዋለች። ሁለተኛው ቤት ይህች ናት። ትንሿ ዓሣ ደግሞ ኮፔፖዷን ምግብ ብላ ትበላታለች። እጩ የዓሣዋን አንጀት በስቶ ወደ ሆዷ ክፍት ቦታ ይገባና በዚያ ለወራት ያድጋል። ሦስተኛው ቤት እንግዲህ ዓሣዋ ናት።

አስደናቂው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ትሉ በዓሣዋ ሆድ ሳለ የእንቁላል ዕቃዋ እንዳያድግ ያግዳል፤ ስለዚህ እኛ እርጉዝ ያልናት ዓሣ በእውነቱ መካን ሆና ነበር። ደግሞም የታመመችው ዓሣ ወደ ውኃው ፊት ትወጣለች፤ መሸሽም ያቅታታል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ይህ የሞት ምልክት ብቻ ነው። በጣና ላይ ግን ወፏ በቀላሉ እንድትለቅማት ያደርጋል፤ ይኸውም ለትሉ ወደ መጀመሪያው ቤቱ መመለሻ መንገድ ነው። በወፏ አንጀት ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአካለ መጠን ደርሶ እንቁላሉን ይጥልና ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

፫. ባለ ብዙ ቤትና ባለ አንድ ቤት ትሎች

ዓሣዋ ከሞተች በኋላ ሁላችንም «ሌሎቹንም ሊጨርሳቸው ነው» ብለን ፈራን። መምህራችን ግን «በገንዳችሁ ውስጥ ወፍ አለች?» ብለው ጠየቁን። የለችም። እንግዲያው ሊጉላ በገንዳው ውስጥ ከዓሣ ወደ ዓሣ ሊተላለፍ አይችልም፤ መንገዱ ተቆርጧል። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ደንብ አለ። ዓሣ የታመመች እንደ ሆነ «መድኃኒቱ ምንድር ነው?» ከማለት በፊት «ትሉ ስንት ቤት አለው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ባለ ብዙ ቤት ከሚባሉት ውስጥ ከሊጉላ ሌላ የሚከተሉት ይገኛሉ።

ክሊኖስቶሙም፦ ጠፍጣፋ ትል ነው። በመጀመሪያ በቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ በዓሣ ሥጋ ውስጥ፣ በመጨረሻ እግረ ረጅም በሆነች ዓሣ በል ወፍ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል። በዓሣው ቆዳ ሥር ወይም በስንጥቡ አጠገብ እንደ ቢጫ ፍሬ ሆኖ ይታያል።

ኮንትራሴኩም፦ ድቡልቡል ሆኖ የወስፋት ወገን ነው። በአገራችን ሐይቆች በቀረሶና በአምባዛ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። እንደ ፔሊካን ያሉ ዓሣ በል ወፎች የመጨረሻ ቤቱ ናቸው።

ካማላነስ፦ ይህም የወስፋት ወገን ነው። በዓሣዋ አንጀት ይኖራል፤ እንደ ቀይ ክር ሆኖ ከፊንጢጣዋ ጫፉ ሲወጣ ይታያል። ኮፔፖድ ባለችበት ውኃ ሁሉ ስለሚዛመት በመስተዋት ገንዳም ውስጥ አስቸጋሪ ነው።

ባለ አንድ ቤት የሚባሉት ደግሞ የስንጥብና የቆዳ ትሎች ናቸው። እነዚህ ወፍም ቀንድ አውጣም አይፈልጉም፤ በቀጥታ ከዓሣ ወደ ዓሣ ይተላለፋሉ። በጅራታቸው በኩል ባለ ጥቃቅን መንጠቆ ይይዛሉ። የስንጥቡ ትል ዳክቲሎጋይረስ እንቁላል ይጥላል። የቆዳው ትል ጋይሮዳክቲለስ ግን ልጁን በሕይወት ይወልዳል፤ በሆዱ ያለው ጽንስም በራሱ ሆድ ሌላ ጽንስ ይዞ ይገኛል። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ገላ መሆናቸው ነው! ከዚህም የተነሣ በጠባብ ገንዳ ውስጥ በጥቂት ሳምንት ይበዛሉ። በሰፊ ወንዝ ውስጥ ዓሣዎች ተራርቀው ስለሚኖሩ ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ግን ዋነኞቹ ጠላቶች እነርሱ ናቸው።

፬. እንዶዱ ያደረሰው ጥፋት

አሁን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። በሞተችው ዓሣ ምትክ ከላህ ወንዝ አምስት ዓሣዎችና ጥቂት የውኃ ሣር አምጥተን በቀጥታ ከገንዳው ጨመርን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓሣዎቹ ገላቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ፣ አፋቸውንም ከውኃው ፊት አውጥተው ያለከልኩ ጀመር። አራቱ ሞቱ። ከአንደኛው ስንጥብ ጥቂት ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስናይ፣ እየተኮማተሩ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ትሎች ተጣብቀውበት አገኘን።

በዚያው ሰሞን ከሣሩ ጋር የመጡ ቀንድ አውጣዎች በመስተዋቱ ላይ በዝተው ነበር። እኔም የአክሊሉ ለማን ታሪክ አንብቤ ነበር። እኚህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። «ትሉን ያመጡት ቀንድ አውጣዎቹ ናቸው፤ እንዶድ ይጨርሳቸዋል» ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ቀን ማታ የተወቀጠ እንዶድ በገንዳው ጨመርሁ።

በማግሥቱ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ዓሣዎቹም ሁሉ ሞተው ነበር።

ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ። አንደኛው፣ የስንጥብ ትል ባለ አንድ ቤት ስለ ሆነ ቀንድ አውጣዎቹ ምንም በደል አልነበረባቸውም። ሁለተኛው፣ እንዶድ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል፤ ለዓሣ መርዝ ነው። አክሊሉ ለማ ያገኙት ነገር እውነት ነው፤ እኔ ግን ቦታውን ሳልለይ ሠራሁበት። በገጠራችን የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርም እንዲሁ ነው። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ ይገኛል፤ ትልቁን ዓሣ ለምግብ ለማውጣት ሲባል ጫጩቱም የውኃው ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ።

፭. መከላከያው

ከሕክምና መከላከል ይቀላል። ዘንድሮ ክበባችን ሥራውን እንደገና ሲጀምር የሚከተሉትን ደንቦች ጽፎ በገንዳው አጠገብ ለጥፏል።

1ኛ. አዲስ የመጣ ዓሣ በሌላ ዕቃ ለብቻው አራት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሆዱ ቢነፋ፣ ገላውን ቢያሽ፣ ቢያለከልክ፣ ቀይ ክር ቢታይበት፣ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም።

2ኛ. ለብቻ ለሚቆየው ዓሣ የተለየ መረብና የተለየ ጣሳ ይኖራል። መረቡ ከሥራ በኋላ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል።

3ኛ. ከወንዝ ወይም ከኩሬ የተቀዳ ውኃ እንዳለ አይጨመርም፤ ኮፔፖድና የትል እጭ ሊኖርበት ይችላልና። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ያድራል።

4ኛ. ከኩሬ የተጠለለ ሕያው ነፍሳት ለምግብ አይሰጥም። ደረቅ ምግብ በጥቂቱ ይሰጣል፤ የተረፈው በዚያው ቀን ይወጣል። የቆሸሸ ውኃ ዓሣውን ያደክማል፤ የደከመ ዓሣ ደግሞ ትልን መቋቋም አይችልም።

5ኛ. ገንዳው ከአቅሙ በላይ ዓሣ አይያዝበትም። መጨናነቅ ለባለ አንድ ቤት ትሎች ድግስ ነው።

6ኛ. የገንዳው ዓሣም ውኃውም ወደ ወንዝ አይጣልም።

ይህን የመጨረሻውን ደንብ በሰፊው መግለጽ ይገባኛል። የላህ፣ የብርና የፈጣም ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በወንዞቻችን የሚኖሩት ዓሣዎች እንደ ተራ ነገር የሚታዩ አይደሉም። ለምሳሌ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሳይንስ ያስተዋወቋት አንዲት ትንሽ ዓሣ በጎረቤታችን በደንበጫ ስም ጋራ ደንበጫ ተብላ ተሰይማለች። በጣናና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው ውኃ መካከል ፏፏቴው እንደ ግንብ ቆሞ ዓሣዎቹን ለይቷቸዋል። እኛ ግን የጣናን ዓሣ በጀሪካን ይዘን ያንን ግንብ በአንድ ቀን ዘለልነው። በውስጧ የነበረውን ትል ያወቅነው ከሞተች በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንዳችን አዝኖላት ወደ ላህ ለቅቋት ቢሆን ኖሮ፣ የወንዛችን ዓሣዎች ያላወቁትን በሽታ በገዛ እጃችን በሰጠናቸው ነበር።

፮. ሕክምናው

ትሉ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት እኔ የሠራሁትን መድገም ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በማይክሮስኮፕ መመርመር፣ ካልተቻለም የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ስላለ በዚያ ያሉትን ባለሙያዎች ማማከርም ይቻላል።

ለስንጥብና ለቆዳ ትል በትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችለው የጨው መታጠቢያ ነው። በባልዲ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 10 ግራም ንጹሕ ጨው ይሟሟል፤ ለ10 ሊትር 100 ግራም ማለት ነው። ዓሣው በዚያ ውስጥ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ይቆያል። ሰው ከአጠገቡ መለየት የለበትም፤ ዓሣው ከተንጋለለ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውኃ ይመለሳል። ጨው ሁሉንም ትል አያጠፋም፤ ቁጥሩን ግን ይቀንሳል።

ለጠፍጣፋ ትሎች ዋነኛው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ ለብልሃርዚያ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የሚታደለው ኪኒን ያው እርሱ ነው። ለዓሣ በውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ መጠኑም በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ነው። አነስተኛው መጠን ለረጅም ሰዓት፣ ከፍተኛው ለአጭር ሰዓት ይሆናል። የስንጥቡ ትል እንቁላል መድኃኒቱን ስለሚቋቋምና ከቀናት በኋላ ስለሚፈለፈል፣ ሕክምናው በሳምንቱ ገደማ ይደገማል። ለወስፋት ወገን ትሎች ደግሞ ለበግና ለፍየል የሚሰጠው ሌቫሚሶል ይሠራል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ለሰው የታደለን ኪኒን ደብቆ ለዓሣ መስጠት አይገባም። መድኃኒት የተሰጠው ዓሣም ለምግብ አይሆንም።

መጠንን ለማወቅ በመጀመሪያ የውኃው ልክ ይሰላል። ርዝመት፣ ወርድና የውኃው ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ1000 ሲካፈሉ ሊትሩ ይገኛል። የእኛ ገንዳ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ የውኃው ጥልቀት 25 ነው። ስለዚህ 60 × 30 × 25 = 45,000፤ ይህም ለ1000 ሲካፈል 45 ሊትር ነው። በሊትር 2 ሚሊግራም ቢታዘዝ 90 ሚሊግራም ይሆናል። አንድ ተራ የሰው ኪኒን 600 ሚሊግራም መሆኑን ስናስብ፣ በዓይን ግምት መጨመር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ እንረዳለን።

በሆድ ክፍት ቦታ ወይም በሥጋ ውስጥ ላደገው ለሊጉላና ለክሊኖስቶሙም እጭ ግን መድኃኒቱ ብዙም አይረዳም። ትሉ ቢሞት እንኳ ሬሳው በዓሣው ገላ ውስጥ ይቀራልና። ለእነዚህ መድኃኒታቸው መከላከል ብቻ ነው።

፯. ነገሩ ለሰውም ለከብትም ይሠራል

አንድ ወላጅ ይህን አንብበው «የዓሣ ትል ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። የትሎቹ መንገድ ይመሳሰላል። የጉበት ትል በረግረግ ካለች ቀንድ አውጣ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቅና በሬው ሲግጥ ይገባል። ብልሃርዚያ ከወንዝ ቀንድ አውጣ ወጥቶ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ወደ ቀንድ አውጣዋ የሚመለሰውም በወንዝ ዳር በምንጸዳዳው ምክንያት ነው። በጋምቤላ የታወቀው ጊኒ ዎርም የሚባለው ትል ደግሞ ኮፔፖድ ባለበት ውኃ ሰው ውስጥ ይገባል፤ ውኃውን በጥሩ ጨርቅ ማጥለል ብቻ መንገዱን ይቆርጠዋል። በዓሣ ውስጥ ያሉትም አንዳንዶቹ ዓሣው ጥሬውን ቢበላ ሰውን ሊያውኩ ይችላሉ። ስለዚህ በጾም ወራት ከባሕር ዳር የሚመጣውን ዓሣ አንጀቱን ቶሎ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አብስሎ መብላት ነው። በደንብ የበሰለ ዓሣ በዚህ ረገድ አያሰጋም።

አሁን በመስኮቱ አጠገብ ስምንት ዓሣዎች አሉን። አራት ሳምንት ለብቻቸው ቆይተው የገቡ ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱ ገላቸውን ሲያሹ ስለ ታዩ በጨው ታጥበው፣ እንደገና ተመርምረው ተቀላቅለዋል። በመዝገባችን ላይም አዲስ ልማድ ገብቷል፤ ያየነውን እንጽፋለን እንጂ የመሰለንን አንጽፍም። የአንዲቱ ሆድ ሲነፋ «ሆዷ ተነፍቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱ የሚጻፈው ከተመረመረ በኋላ ነው።

ለክፍል ጓደኞቼ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ሊጉላ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ከዓሣ ወደ ዓሣ የማይተላለፈው ስለ ምንድር ነው?
2. እንዶድ ለብልሃርዚያ መከላከያ ሲጠቅም በዓሣ ገንዳ ውስጥ ለምን ጎጂ ሆነ?
3. ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ የውኃው ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ፣ በሊትር 2 ሚሊግራም ቢታዘዝ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት ያስፈልጋል?
4. በሰፈራችሁ ባለው ወንዝ ዳር የብልሃርዚያን መንገድ በየትኛው ቦታ መቁረጥ ይቻላል? ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ መልሱን ለክበቡ አምጡ።